የተቋረጠ ክሎን ለምን ከሀ ይጀምራል?

83 በመቶ ደርሶ ነበር። አንድ ትልቅ ሪፖ (የአንድ ፕሮጀክት ኮድ ከነታሪኩ የሚቀመጥበት ማከማቻ) ክሎን እያደረግኩ፣ ማለትም ሙሉ ቅጂውን እያወረድኩ፣ ኮምፒውተሩን ትቼ ሌላ ጉዳይ ይዤ ነበር። ስመለስ መስመሩ ተቋርጧል። ጊት፣ የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ፕሮግራም፣ ሦስት መስመር የስህተት መልእክት ጽፏል። እስከዚያ ያወረደውን ሁሉ ጠራርጎ አጥፍቷል። የፈጠረውን ፎልደር እንኳ አላስቀረልኝም። ትእዛዙን ደገምኩት። ዜሮ በመቶ። ሁለተኛው ዙር 40ን አለፍ እንዳለ ተቋረጠ። ሦስተኛው 60 ሳይደርስ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

ቨርዥን ኮንትሮል (የኮድ ለውጥ ምዝገባ) ውስጥ የዳታ ዝውውርን ስለማፍጠን ሲነሳ ወሬው ሁሉ የሰዓትና የሰከንድ ነው። ማይክሮሶፍት በ2017 የዊንዶውስን ኮድ ወደ ጊት ሲያዛውር ሪፖው 300 ጊጋባይት ገደማ ነበር። ክሎኑ ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር፤ ለዚሁ ብለው በሠሩት ዘዴ ወደ ጥቂት ደቂቃ አወረዱት። ጥሩ ነው፣ ድካማቸውን አላጣጥልም። እኔ ግን ከፍጥነቱ በፊት የምጠይቀው ነገር አለ። መሀል ላይ ሲቋረጥ እጄ ላይ ምን ይቀራል? ተራ ክሎን ላይ መልሱ ባጭሩ "ምንም" ነው። መስመሩ የማይቆራረጥበት ሰው ይህ ጥያቄ ትዝም አይለው። ለሚቆራረጥበት ግን ፍጥነት ማለት ይኸው ነው። በሰከንድ 1 ሜጋባይት እያወረደ ከቆመበት የሚቀጥል ነገር፣ በሰከንድ 10 ሜጋባይት እያወረደ ሁሌ ከሀ ከሚጀምረው ቀድሞ ይደርሳል።

የሚገርመው፣ ዘዴው አዲስ አይደለም። "ከዚህኛው ባይት ጀምረህ ላክልኝ" ማለት ድረ ገጾች በሚተላለፉበት ደንብ፣ በኤችቲቲፒ 1.1 ውስጥ ከ1997 ጀምሮ አለ። አንድ ተራ ቪዲዮ ስናወርድ ቢቋረጥ ከቆመበት እናስቀጥለዋለን። ሊነስ ቶርቫልድስ ለሊነክስ ከርነል (ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ብሎ ጊትን የጻፈው በ2005 ነው። ታዲያ ለምን አልተጠቀመበትም? ስንፍና አይደለም። ምክንያቱ ደስ የሚል ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ክሎን ስንል ሰርቨሩ ላይ የተቀመጠ አንድ ፋይል ተገልብጦ የሚላክልን ይመስለናል። አይደለም። የእኛ ጊትና የሰርቨሩ ጊት መጀመሪያ ይነጋገራሉ። የእኛው "እነዚህን እፈልጋለሁ፣ እነዚህ ደግሞ አሉኝ" ይላል። ሰርቨሩ የጎደለንን ያሰላል። ኦብጀክቶቹን (ጊት ፋይል፣ ፎልደርና ታሪክ የሚያስቀምጥባቸውን ቁራጮች) ይቆጥራል፣ የሚመሳሰሉትን አጎራብቶ ልዩነታቸውን ብቻ ይይዛል፣ ከዚያ ጠቅልሎ ይልካል። ይህ ጥቅል ፓክ ይባላል። ፓኩ የሚሰፋው በዚያችው ሰዓት፣ በእኛው ልክ ነው። ሥራው ጎን ለጎን በሚሄዱ ብዙ ትሬዶች ስለሚከፋፈል ያው ሰርቨር ያንኑ ሪፖ ሁለቴ ቢጠቀልል ሁለቱ ፓኮች ባይት በባይት ላይገጥሙ ይችላሉ። እናም "ከ700ኛው ሜጋባይት ቀጥል" ብንለው የሚመጣልን የሌላ ጥቅል 700ኛ ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። የአንዱን ኮት እጅጌ ከሌላው ኮት ጋር እንደመስፋት ነው።

"እሺ፣ የደረሰውን ኦብጀክት አስቀምጥና የቀረውን ብቻ ጠይቅ" የሚል ይኖራል። እያንዳንዱ ኦብጀክት ሃሽ የሚባል፣ ከይዘቱ የሚሰላ የራሱ መለያ ስላለው ሐሳቡ ያጓጓል። ግን ጊት የሚኖረው በአንድ ቃል ኪዳን ነው። አንድ ኮሚት (አንድ የተመዘገበ ለውጥ) አለኝ ካለ፣ ከኮሚቱ ኋላ ያለው ታሪክና ፋይል በሙሉ አለኝ ማለቱ ነው። ከሰርቨሩ ጋር ያለው ንግግር አጭር የሚሆነው በዚህ ነው። አንዲት ኮሚት ስም ጠርቶ የመቶ ሺህ ኦብጀክት ሂሳብ ይዘጋል። ግማሹ የደረሰ ፓክ ይህን ቃል ያፈርሳል። ኮሚቱ ደርሶ ፋይሉ ሊቀር ይችላል። ልዩነቱ ደርሶ መነሻው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ጊት ወይ ሁሉን ወይ ምንም ይላል። ለዳታው ደህንነት ካየነው ልክ ነው። ለእኔ 83 በመቶ ግን መርዶ ነው።

እስካሁን ከተሠሩት ማሻሻያዎች ውስጥ እኔ የምወዳቸው "እንዴት አፍጥነን እንላክ" ሳይሆን "ምኑን አንላክ" ብለው የተነሱትን ነው። በ2018 የመጣው ሁለተኛው የጊት ፕሮቶኮል አንዱ ነው። ከዚያ በፊት ገና ሰላም እንዳልነው ሰርቨሩ ያሉትን ብራንቾችና ታጎች፣ ማለትም የሥራ ቅርንጫፎችና የስም ምልክቶች፣ በሙሉ ዘርዝሮ ይልክ ነበር። የክሮም ብራውዘር መሠረት የሆነው የክሮሚየም ሪፖ ከ500,000 በላይ ነበረው። አንዱ መስመር 60 ባይት ቢሆን እንኳ፣ አንድም ነገር ሳንጠይቅ 30 ሜጋባይት ወረደ ማለት ነው። አንዲት ብራንች ለማደስ! አዲሱ ፕሮቶኮል የምንፈልገውን ስም አስቀድመን እንድንናገር ፈቀደ፤ ከጊት 2.26 ጀምሮ ደግሞ በራሱ የሚሠራ ሆነ።

ሁለተኛው ታሪክ ይበልጥ ያስቃል። ማይክሮሶፍት ውስጥ አንድ ትልቅ የጃቫስክሪፕት ሪፖ አለ። 178 ጊጋባይት ደርሶ ነበር። ኮዱ ያን ያህል ሆኖ አይደለም። ጊት የትኛውን ፋይል ከየትኛው ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን እንደሚይዝ ሲመርጥ በፋይሉ ስም ይመራል። ከስሙ ግን በተግባር የሚያየው የመጨረሻዎቹን 16 ፊደላት ብቻ ነበር። ያ ሪፖ ውስጥ ደግሞ በየፎልደሩ አንድ አንድ የለውጥ መዝገብ ፋይል አለ፣ ስሙም ሁሉም ጋ ያው ነው። ለጊት ሁሉም አንድ መሰሉ። የአንዱን ፎልደር መዝገብ ከማያውቀው ፎልደር መዝገብ ጋር እያነጻጸረ፣ የሚመሳሰል ሲያጣ ሙሉውን እየደጋገመ ያስቀምጥ ነበር። ሙሉውን የፋይል መንገድ እንዲያይ ተደርጎ እንደገና ሲጠቀለል 5 ጊጋባይት ገደማ ሆነ። በ2025 የወጣው ጊት 2.49 ለዚህ የሚሆን አዲስ የስም አያያዝ ይዞ መጥቷል። መስመሩን ማንም አልነካው፣ ሰርቨሩንም ማንም አልቀየረው። የሚላከው ግን ከሠላሳ እጅ በላይ ቀለለ። ስለ ባንድዊድዝ የሚያማርር ሁሉ መጀመሪያ የገዛ ሪፖውን አገላብጦ ቢያይ እላለሁ።

በዚህ መሀል አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ክሎን ሲቋረጥ ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው የመጀመሪያ ምክር "ፖስት በፈር የሚባለውን ቅንብር ወደ 500 ሜጋባይት አሳድገው" የሚል ነው። ይህ ቅንብር የሚመለከተው እኛ ወደ ሰርቨሩ የምንልከውን እንጂ ከሰርቨሩ የምናወርደውን አይደለም። ፑሽ ላይም ቢሆን የሚረዳው ሰርቨሩ ወይም መሀል ያለው ፕሮክሲ ዳታ ቆራርጦ መቀበል ካልቻለ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ትርፉ ሜሞሪ መብላት ነው። "እኔ ግን አድርጌው ሠርቶልኛል" የሚል አይጠፋም። የሠራለት ሁለተኛው ሙከራ ላይ መስመሩ ስላልተቋረጠ ነው።

የሚሠራውስ ምንድን ነው? አንዱ መንገድ ቁንጽል ክሎን ነው። ዴፕዝ በሚባለው አማራጭ የመጨረሻዋን ኮሚት ብቻ እናወርዳለን። ከዚያ ዲፐን በሚለው እያሉ ታሪኩን ወደ ኋላ መቶ መቶ ወይም ሺህ ሺህ ኮሚት እየቆረሱ መጨመር ነው። የተሳካው ዙር ሁሉ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ቢቋረጥ የሚጠፋው ያቺው የመጨረሻዋ ቁራሽ ናት። የድሃ ማስቀጠያ ልንለው እንችላለን። ዕዳው ሰርቨሩ ላይ ነው። የታሪኩ መቁረጫ የት እንደሆነ ለእያንዳንዱ ጠያቂ ማስላት አለበት። በ2016 ኮኮፖድስ፣ ለአፕ ሠሪዎች ፓኬጅ (ዝግጁ የኮድ ጥቅል) የሚያመጣው መሣሪያ፣ በዚህ ተቸግሯል። የሚጠቀሙበት የአይፎን አፕ ሠሪዎች ሁሉ የፓኬጅ ዝርዝሩን ጊትሃብ (ሪፖዎችን የሚያስተናግድ ድረ ገጽ) ላይ ካለ አንድ ሪፖ በቁንጽል ክሎን ይስቡ ነበር። የሰርቨሩ ሥራ ከልክ አለፈና ጊትሃብ ገደብ ጣለበት፣ ቁንጽል ክሎኑን ተዉት ብሎም መከረ። በኋላ ዝርዝሩን በተራ ፋይልነት ከሲዲኤን (ፋይል በየቦታው አባዝተው ከሚያቀርቡ ሰርቨሮች) ማቅረብ ጀመሩ። ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ቀን ችግር ግን ዘዴው ምንም አይልም። በየደቂቃው ከባዶ ለሚስብ አውቶማቲክ ማሽን ነው የማልመክረው።

ሌላው ከፊል ክሎን ነው። ታሪኩንና የፎልደሮቹን መዋቅር ያወርድና የፋይሎቹን ይዘት ሲያስፈልግ ብቻ ይጠይቃል። እዚህ ጋ ጊት ያንን ቃል ኪዳን አላላ። "የጎደለኝን ሰርቨሩ ሊሰጠኝ ቃል ገብቶልኛል" የሚል ምልክት ፓኩ ላይ ያደርጋል። አንድ ያልተነገረለት ጥቅም አለው። ሥራው ለሁለት ይከፈላል። ታሪኩ ከደረሰ በኋላ ፋይሎቹ ሲወርዱ ቢቋረጥ፣ ጊት ክሎኑ ተሳክቷል፣ ፋይል ማውጣቱ ነው ያልተሳካው ብሎ እንደገና የምንሞክርበትን ትእዛዝ ይነግረናል። የወረደው አይጠፋም። ጉዳቱ በኋላ ይመጣል። ኔትዎርክ በሌለበት "ይህን መስመር ማን ጻፈው" ብሎ የጥንት ፋይል መመርመር አይቻልም። ኔትዎርክ ቢኖርም እያንጠባጠበ ያመጣዋል።

እኔ የምደግፈው ግን ሦስተኛውን ነው። ባንድል። ባንድል ማለት ሪፖው በአንድ ተራ ፋይል ተጠቅልሎ የተቀመጠ ነው። አንዴ ተሠርቶ ስለተቀመጠ ባይቱ አይቀያየርም፣ ስለዚህ እንደማንኛውም ፋይል ከቆመበት ይቀጥላል። ከዚያው ፋይል ክሎን ይደረጋል። አድራሻው ወደ እውነተኛው ሰርቨር ይቀየርና አንድ ፌች (የጎደለውን ብቻ ማውረድ) ይደረጋል። ባንድሉ የሳምንት ዕድሜ ቢኖረው የሳምንቱ ለውጥ ብቻ ይወርዳል። የሊነክስ ከርነል ሰዎች ለራሳቸው ሪፖ ባንድል ያቀርባሉ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኮሚት ያለው ነገር ስለሆነ ቢያቀርቡ አይገርምም። የጊት እኩያ የሆነው መርኩሪያል ይህን በ2015 በወጣው 3.6 አስገብቶታል። ሰርቨሩ ራሱ "መጀመሪያ ያንን ፋይል ከዚያ ውሰድ፣ የቀረውን እኔ እሰጥሃለሁ" ይላል። ጊት ወደዚህ መንገድ መግባት የጀመረው በ2022፣ በ2.38 ነው። ሰባት ዓመት ቆይቶ!

ያም ሆኖ ለብዙዎቻችን ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ባለ ሪፖው ባንድል ካላዘጋጀ፣ አስተናጋጁም ካላቀረበው፣ የእኔ ጊት አዲስ መሆኑ ምንም አይፈይድልኝም። ለምን አይዘጋጅም ሲባል የሚመጣው ሰበብ የቦታና የሰርቨር ወጪ ነው። እኔ ሂሳቡ አይገባኝም። የተቋረጠው ክሎን ራሱ ወጪ ነው። የእኔ ሦስት ሙከራ ሰርቨሩን ሦስት ጊዜ አስቆጥሮታል፣ ሦስት ጊዜ አስጠቅልሎታል፣ ወደ ሁለት ሪፖ የሚጠጋ ዳታ አስልኮ ባዶ እጄን አስቀርቶኛል። ተራ ፋይል ከሲዲኤን ማቅረብ ከዚህ ያነሰ ድካም ነው። "መስመርህን ቀይር" የሚለውን ደግሞ መልስ አልለውም።

ትልቅ ሪፖ የያዘ ሰው አስተናጋጁን መጠበቅ የለበትም። ባንድል መሥራት አንዲት ትእዛዝ ናት። በየእሑዱ አንድ ስክሪፕት ይሥራውና ተራ ፋይል በሚቀመጥበት ቦታ ይጣለው። ሪድሚው (የሪፖው መግቢያ ጽሑፍ) ላይ፣ ከክሎን ትእዛዙ ሥር፣ ሊንኩን ያስቀምጥ። የፋይሉን ሃሽ አብሮ ቢጽፍ ደግሞ የወረደው ትክክለኛው መሆኑን እናረጋግጥበታለን።

ያቺ 83 በመቶ ላይ የቀረችው ሪፖ ባንድል አልነበራትም። በመጨረሻ ያወረድኳት በቁራሽ ነው፣ መጀመሪያ አንድ ኮሚት፣ ከዚያ ሺህ ሺህ። አራተኛው ዙር ላይ እንደልማዱ ተቋረጠ። ሦስቱ ዙሮች ግን ቦታቸው ላይ ነበሩ።