የ«አይሰራም» ቅኔ

ሰሞኑን ለአይቲ ድጋፍ ክፍል አንድ ትኬት (የብልሽት ማሳወቂያ) ገባ። ርዕሱ «አስቸኳይ!!!» ይላል። «ችግሩን በዝርዝር ይግለጹ» በሚለው ሰፊ ሣጥን ውስጥ ደግሞ አንዲት ቃል ብቻዋን ተቀምጣለች፦ «አይሰራም»። ቃለ አጋኖው ሦስት፣ ቃሉ አንድ። ላኪው ይህችን ጥሎ ስብሰባ ገባ፤ ስልኩም ዝግ ነው። ከቅኔ ሁሉ አጭሩ ጉባኤ ቃና እንኳ ሁለት ቤት ይጠይቃል፤ የእኛ ባለቅኔ ግን በአንድ ቃል ዘርፎ ጨረሰው።

በአይቲ ድጋፍ ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ ሁሉ ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። ስም መጥራት አያስፈልግም፤ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየፎቁ ቢያንስ አንድ አለ። እስከ ዛሬ ስናማው ኖረናል። ለዛሬ እንኳ የሚገባውን ውዳሴ እናድርሰው።

ሰሙ ግልጽ ነው፦ አንድ ነገር፣ የሆነ ቦታ፣ በሆነ ሰዓት አይሰራም። ወርቁን ቆፍሮ ማውጣት የቴክኒሺያኑ ፈንታ ነው። ኮምፒውተሩ አልበራ ብሎ ሊሆን ይችላል። በርቶ የስክሪኑ ኬብል ወልቆ ሊሆን ይችላል። ካፕስ ሎክ ተጭኖ ፓስዎርዱ እምቢ ብሎ፣ እምቢታው ሲደጋገም አካውንቱ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። ዋይፋዩ ደህና ሆኖ የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚፈታው ዲኤንኤስ ሥራው አቅቶት፣ ወይም የሰርቨሩ ዲስክ ሞልቶ ዳታቤዙ አንዲት መስመር መጻፍ ተስኖት ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ በአንድ ግስ፣ ያውም በአሉታ!

«ኢንተርኔት ጠፋ» የሚለውማ የቅኔ ዘውድ ነው። የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ በሆነው ማዘርቦርድ ላይ ሲአር2032 የምትባል፣ 3 ቮልት የምትሰጥ እንደ ሳንቲም ክብ ባትሪ አለች። ሥራዋ ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ ሲነቀል ሰዓቱን ማስታወስ ነው። ስታልቅ ኮምፒውተሩ ዓመታት ወደኋላ ተመልሶ ይነቃል። ድረ ገጾች የሚያቀርቡት የደህንነት ሰርተፊኬት ደግሞ መጀመሪያና ማብቂያ ቀን አለው፤ ብራውዘሩ ቀኑን ከራሱ ሰዓት ጋር ሲያመሳክር «ይህ ሰርተፊኬት ገና ጊዜው አልደረሰም» ብሎ አንዱን ገጽ ከሌላው ሳይለይ ይዘጋል። ኢንተርኔቱ በሙሉ ጤና ላይ ነው፤ የጠፋው ቀኑ ነው። አንዳንድ ብራውዘር ሰዓቱ ወደኋላ መቅረቱን በግልጽ ጽፎ ይነግራል። ባለቅኔው ግን አያነበውም፤ ወርቁን ፈቺው እንጂ ገጣሚው አይናገርም።

«አንተ ጋ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም ጋ?» የምትባል ጥያቄ አለች። ጎረቤት ጠረጴዛ ያለውን ሰው ቀና ብሎ ለመጠየቅ አምስት ሰከንድ ይበቃል። መልሱ «እኔ ጋ ብቻ» ከሆነ ፍለጋው ወደ አንድ አካውንት፣ አንድ ብራውዘር፣ አንድ ኬብል ይጠባል። «ሁላችንም ጋ» ከሆነ የኔትወርክ ኬብሎቹን የሚያገናኘው ስዊች፣ ሰርቨሩ፣ ትናንት ማታ የተጫነው አዲስ ቨርዥን ይመረመራል። «አንዳንዴ ይሰራል፣ አንዳንዴ አይሰራም» ቢልማ እንዴት ባማረ! ጥያቄዎችን ለሰርቨሮች ከሚያከፋፍለው ሎድ ባላንሰር ጀርባ ሁለት ሰርቨሮች ቆመው አንዱ ሲታመም፣ ጥያቄዎቹ እየተፈራረቁ ስለሚደለደሉ ግማሹ ይሳካል፣ ግማሹ ይወድቃል። ያቺ «አንዳንዴ» ብቻዋን የግማሽ ቀን ልፋት ታድናለች። ግን ባለቅኔው ቃል አያባክንም።

ድረ ገጹ እምቢ ሲል ስክሪኑ ላይ የወጣችውን ባለ ሦስት አኃዝ የስህተት ቁጥርም አይነግረንም። 401 ብትሆን «ማን እንደሆንክ አላወቅሁም» ማለቷ ነው፤ 403 ብትሆን «አውቄሃለሁ፣ ግን አልተፈቀደልህም»፤ 404 ብትሆን «የጠየቅከው እዚህ የለም»፤ 502 ብትሆን «እኔ በር ላይ ቆሜአለሁ፣ ከኋላዬ ያለው ግን የረባ መልስ አልሰጠኝም»። አራቱ አራት የተለያዩ ሰዎችን ከወንበራቸው ያስነሳሉ። ባለቅኔው ሲጠየቅ «አዎ፣ የሆነ ቁጥር ነገር ነበረው፤ ረጅም አይደለም» ይላል።

ሰዓቱስ? «ጠዋት ላይ»። በሰከንድ 50 መስመር ሎግ (የክንውን መዝገብ) የምትጽፍ ትንሽ ሰርቨር እንውሰድ። «ጠዋት» ማለት አራት ሰዓት ያህል ከሆነ 720,000 መስመር ነው። ደቂቃዋን ለይቶ ቢጽፍ ኖሮ 3,000። ያውም ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) እየመዘገበ ባለቅኔው በግድግዳው ሰዓት ከተናገረ፣ ቴክኒሺያኑ መጀመሪያ የሌላ ሰው ጠዋት ውስጥ ገብቶ ሲዳክር ይቆያል። ሎጉ ከ7 ቀን በላይ እንዳይቀመጥ ተደርጎ ከሆነ ደግሞ «ካለፈው ሳምንት ጀምሮ» የሚለው ትኬት የሚደርሰው ማስረጃው ከተደመሰሰ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ታላቁ ጥበብ እንሂድ፤ ወደ ሥዕሉ።

ቴክኒሺያኑ በትሕትና «እባክዎ ስክሪንሾት ይላኩልን» ይላል። በዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ሺፍትንና ኤስን አንድ ላይ ተጭኖ ቦታውን መምረጥ፣ ከዚያ ኢሜይሉ ላይ መለጠፍ ነው። እንዲያውም ለብዙዎቹ የዊንዶውስ የመልእክት ሣጥኖች ሥዕልም አያሻም፤ ሣጥኑ ላይ ሆኖ ኮንትሮልና ሲ ሲጫኑ ጽሑፉ ከነርዕሱ ይቀዳል። ይህ ግን ለተራው ሕዝብ ነው። ባለቅኔው ስልኩን ያወጣል።

ስክሪኑን ያነሳዋል፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን፣ እየተራመደ እንደሚያልፍ ሰው። ፍላሹ በርቷል፤ ነጸብራቁም ከዚያ ሁሉ ስፋት መርጦ ልክ የስህተት ቁጥሩ ላይ ያርፋል። የስክሪኑ ነጠብጣብና የካሜራው ነጠብጣብ ተደራርበው የቀስተ ደመና ሞገድ ሠርተዋል። ፎቶው ውስጥ ግማሽ ኪቦርድ፣ አንድ ስኒ፣ የባለቅኔው አውራ ጣት፣ እንዲሁም ስክሪኑ ጠርዝ ላይ በቢጫ ወረቀት የተለጠፈው ፓስዎርድ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። የማይታዩት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ ከላይ ያለው የገጹ አድራሻና ከታች ጥግ ላይ ያለው ሰዓት።

ጉዞው ገና መጀመሩ ነው። ፎቶው በቻት ለአንድ ባልደረባ ይላካል፤ መተግበሪያው ክብደት ለመቀነስ ብሎ ጥራቱን ይቀንሰዋል። ባልደረባው ኮምፒውተር ላይ አውርዶ ወርድ ውስጥ ያስገባዋል፤ ጥጉን ይዞ መሳብ ሲገባው ጎኑን ስቦ ፊደላቱን ያወፍራቸዋል። ሰነዱ ይታተማል፤ ፊርማ ያስፈልገዋላ። የተፈረመው ወረቀት ስካን ይደረጋል፤ በጥቁርና ነጭ፣ ትንሽ ዘንበል ብሎ። ስካኑ ፒዲኤፍ ይሆናል። ፒዲኤፉ ዚፕ ይደረጋል፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ዚፑ ላይ ፓስዎርድ ይደረግበታል፤ ለደህንነት። (ደህንነት ከተነሳ፣ ያ ቢጫ ወረቀት አሁንም ፎቶው ውስጥ አለ።) የኢሜይል ሰርቨሩ የተቆለፈ ዚፕ ውስጡን መመርመር ስለማይችል አግዶ ያስቀረዋል። ያን ጊዜ ሁለተኛ ትኬት ይከፈታል፦ «ኢሜይል አይሰራም»።

እንደምንም ብሎ በፍላሽ ዲስክ ደረሰ እንበል። 9 ሜጋባይት። ቴክኒሺያኑ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሣጥኑ ግርጌ ላይ ያለችውን የስህተት መለያ። ሰረዞቿን ጨምሮ 36 ምልክት ናት፤ በጽሑፍ ብትላክ 36 ባይት ትመዝን ነበር። በባለቅኔው መንገድ 250,000 እጥፍ ወፍራ መጣች፣ ያውም ሳትነበብ። መለያዋ ከአኃዞችና ከ«ኤ» እስከ «ኤፍ» ካሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት የተሠራች ናት፤ በደበዘዘ ስካን ላይ ደግሞ 6 «ቢ»ን፣ 8 ደግሞ 3ን ይመስላል። ከ36ቱ አንዷ ከተሳሳተች ሎጉ ውስጥ ምንም አይገኝም። አራቱ ብቻ አጠራጣሪ ቢሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት አማራጭ ይዘው፣ 16 ሙከራ ነው። ቴክኒሺያኑ ተስፋ ቆርጦ ስልክ ያነሳል።

«መልእክቱ አሁንም ስክሪኑ ላይ አለ?»

«የለም፣ "እሺ" ብዬ ዘጋሁት።»

«አጥፍቼ አብርቼዋለሁ» የሚለውን ስንኝም አንርሳ። ታስክ ማናጀር ተከፍቶ ሲታይ ኮምፒውተሩ ያለማቋረጥ 41 ቀን እንደሠራ ይናገራል። እዚህ ላይ ለባለቅኔው ፍትሕ እንስጠው፤ አልዋሸም። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ፣ ማለትም ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ። እሱ ከበራ «ሻት ዳውን» ሲደረግ ኮምፒውተሩ ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ከነድራይቨሮቹ (መሣሪያዎቹን ከሚያንቀሳቅሱት ፕሮግራሞች ጋር) ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል፤ ሲነሳም ያንኑ መልሶ ያነሳል። የታመመው ድራይቨር ከነበሽታው ተኝቶ ከነበሽታው ይነቃል። ከባዶ የሚያስጀምረው «ሪስታርት» የሚለው ነው። ይህን ያህል የተጠማዘዘ ነገር ባለቅኔው ባያውቅ አይፈረድበትም። ስክሪኑን ብቻ አጥፍቶ የሚያበራውን ግን ለሌላ ቀን እናቆየው።

ሽሙጡን ለአፍታ ላቁመው። የያቺ አንድ ቃል ዋጋ የሚከፈለው በሰው ነው። ትኬቱ ገባ ከተባለበት ደቂቃ ጀምሮ ሰዓት ይቆጥራል፤ ቴክኒሺያኑ ማብራሪያ ጠይቆ ትኬቱን «ተጠቃሚውን በመጠበቅ ላይ» ወደሚለው ካላዞረው ቆጠራው በእሱ ስም ይቀጥላል፤ ቢያዞረው ደግሞ «ሥራ ለመሸሽ ጥያቄ ያበዛል» ተብሎ ይከሰሳል። ሦስት ጊዜ ተደውሎለት ያላነሳው ሰው ከሰዓት በኋላ ብቅ ብሎ «እስካሁን ምንም ምላሽ አልተሰጠኝም» የሚል ደብዳቤ ይጽፋል፤ ለዘጠኝ ኃላፊዎች በግልባጭ። ያን ጊዜ ቃላት ከየት እንደሚመጡለት እንጃ፤ ሁለት ገጽ ይሞላል! ሌሊት ተረኛው ልጅ በዚያች ቃል ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ፣ እስኪነጋ ደህናውን ሰርቨር ሲበረብር አድሮ፣ ጠዋት «የጥገና ፍጥነትህ ቀንሷል» ይባላል። አላወቅሁም አይበሉን። ይኸው ሰው መኪናው ሲያስቸግረው ለመካኒኩ «ወደ ግራ ስዞር ከፊት ጎማ በኩል ይጮሃል፤ ሲዘንብ ይብሳል፤ የጀመረው ማክሰኞ ነው» ይላል። ማየትም መናገርም ይችላል። የማይችለው ስክሪኑ ፊት ያለውን የሌላ ሰው ጊዜ እንደ ጊዜ መቁጠር ነው። ይህ አለማወቅ አይባልም፤ ንቀት ነው።

በቃ፣ ወደ ውዳሴያችን።

በ1947 እ.ኤ.አ.፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን፣ በሃርቫርድ ማርክ 2 ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ ሰዎች አንድ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ውስጥ የገባች የእሳት እራት አገኙ። በመዝገባቸው ላይ ሰዓቱን 15:45፣ የሪሌዩን ቁጥር 70፣ ፓነሉን «ኤፍ» ብለው ጻፉ፤ እራቷንም በፕላስተር ገጹ ላይ ለጠፏት። ቀጥለውም፣ ባግ (በእንግሊዝኛ ነፍሳትም፣ የማሽን እንከንም ማለት ነው) በእርግጥ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው ብለው ቀለዱ። መዝገቡ ዛሬም ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ውስጥ አለ። ሰዓት፣ ክፍል፣ ቁጥር፣ የተገኘው ነገር፣ ከነአስከሬኑ! ምን ዓይነት የቀለም ብክነት ነው? የእኛ ባለቅኔ ያን ቀን እዚያ ቢኖር «ማሽኑ አይሰራም» ብሎ ጽፎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር፤ እራቷም እስካሁን ሪሌይ 70 ውስጥ በሰላም አርፋ በነበር።

የባለቅኔውን መምህራን ሳናመሰግን ብናልፍ ግን ግፍ ነው። «የሆነ ስህተት ተፈጥሯል፤ ቆይተው ይሞክሩ» የሚለውን መልእክት የጻፈው ማን ሆነና? ፕሮግራመሩ ነው፤ ኮዱ የስህተቱን ዓይነት ይዞ ሳለ ሎግ ላይ እንኳ ሳያሰፍር ውጦት። የኮድ ለውጥ በሚመዘገብበት ጊት ላይ 40 ፋይል ቀይሮ «ማስተካከያ» ብሎ ኮሚት የሚያደርገውም (የሚመዘግበውም) የዚሁ ጉባኤ ልጅ ነው። ትኬቱን «ተፈትቷል» ብሎ የሚዘጋው፣ በምን እንደፈታው ግን ትንፍሽ የማይለው ቴክኒሺያንስ? ከስድስት ወር በኋላ ያው ችግር ሲመለስ ፍለጋው ከባዶ ይጀምራል፤ መልሱን የሚያውቀው ልጅ ደግሞ ሥራ ለቋል። ቅኔ ቤቱ አንድ ነው፤ የተለያየው ወንበሩ ነው።

ያ የሰሞኑ ትኬት? ሁለት ቀን ሙሉ ኬብል ተነቅሎ ተሰካ፣ አካውንት ተመረመረ፣ ሎግ ተገለበጠ። በሦስተኛው ቀን ላኪው ራሱ «አሁን ሰርቷል» ብሎ ዘጋው። ምኑ እንደሠራ አልጻፈም።

ትናንት ከዚያው እጅ ሁለተኛ ሥራ ደረሰ። ርዕሱ «አስቸኳይ!!!!» ይላል፤ አንድ ቃለ አጋኖ ተጨምሯል። ሣጥኑ ውስጥ ያለችው ቃል «እንደገና» ናት።