ኩበት በነፃ ነው ያለው ማነው?

ሰሞኑን በሰሜን ሸዋ በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ፣ አንድ ኃላፊ ተነሥተው «ፀሐይና ነፋስ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፤ የኛ ገበሬ ኩበቱን በነፃ ያገኛል» አሉ። ንግግራቸው አበገነኝ፤ የተሰብሳቢው ጭብጨባ ደግሞ ባሰብኝ።

በነፃ? እኔ ያደግሁት መንዝ ነው። በኅዳር ውርጭ ሣሩ ነጭ ሆኖ ሲያድር፣ እናቴ በባዶ እጇ እበቱን ከጭድ ጋር አሽታ ትጠፈጥፍ ነበር። ታሰጣለች፣ ትገለብጣለች፣ ዝናብ ሳይቀድማት ለቅማ ትከምራለች። እንጀራ በምትጋግርበት ቀን ማድ ቤቱ በጭስ ይታፈናል፤ ዓይኗ ደም ይመስላል፣ ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን ሲስል ይውላል። የሴት ጉልበት ደመወዝ ስለማይቆረጥለት ነው እንዲህ «ነፃ» የሚባለው።

እበቱስ የማን ነበር? የገብሱ ማሳ ነበር። ፍግ ሆኖ ወደ አፈሩ መመለስ የነበረበት ናይትሮጅን ምድጃ ውስጥ ነድዶ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። አመዱ ውስጥ የሚቀረው ፎስፈረስና ፖታሲየም ነው፤ እሱም ማሳው ሳይደርስ ከቤት ጓሮ ይደፋል። መሬቱ ሲሳሳ ያው ገበሬ ለዩሪያ ይሰለፋል፤ ዩሪያው በዶላር ተገዝቶ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። ማዳበሪያችንን እያነደድን ማዳበሪያ እንገዛለን ማለት ነው! ይህን ሒሳብ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ያሰበ ሰው ስለ ፀሐይ ውድነት አፉን ሞልቶ አይናገርም።

ጣሪያ ላይ የምትሰካ ትንሽ የፀሐይ ፓኔል አምፑል ታበራለች፣ ስልክ ትሞላለች እንጂ ምጣድ አታግልም፤ ይህን አልክድም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይፈልጋል። ምሰሶና ትራንስፎርመርም ገንዘብ ነው። ግን የአገሪቱ ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ አይደለም? ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ህዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። አዳማ ላይ የነፋስ ተርባይን መሽከርከር ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ጣርማ በር ላይ ቆሞ ጋቢው ከትከሻው የተገፈፈ ሰው ነፋስ ቅንጦት ነው ሲባል ምን ይላል?

ኃላፊው በሚቀጥለው ስብሰባ የትኛው ቀበሌ መስመር መቼ እንደሚገባለት፣ ምጣድ የሚሸከም ትራንስፎርመር መቼ እንደሚተከልለት ቀኑን ቆርጠው ይንገሩን።