«የመጨረሻዎቹ ራስ ቆራጮች» እየተባለ የሚሸጥ ጉብኝት

በሕንድ ሰሜን ምሥራቅ ወዳለችው ናጋላንድ የሚወስዱ የጉብኝት ማስታወቂያዎችን ሰብሰብ አድርጋችሁ ብታዩ ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው። ፊታቸውን የተነቀሱ ሽማግሌ ፎቶ አለ። አንገታቸው ላይ ከነሐስ የተሠሩ ትንንሽ የሰው ራሶች ተንጠልጥለዋል። ከስር «የመጨረሻዎቹ ራስ ቆራጮች» ይላል። ቀጥሎ ደግሞ «ሳያልፉ ይድረሱባቸው» የሚል ነገር አይጠፋም።

መንገዱም የታወቀ ነው። ከጎረቤት ግዛቷ ከአሳም፣ ከዲብሩጋርህ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ የሻይ እርሻውን አቋርጦ ወደ ሞን ይወጣል። ከዚያ በምያንማር ድንበር ላይ ያለችው ሎንግዋ መንደር አለች። ከዚያ ሞኮክቹንግ፣ ከዚያ ዋና ከተማዋ ኮሂማ። ወሩ ታኅሣሥ መጀመሪያ ከሆነ የጎሣዎቹ የባህል በዓል የሆነው የሆርንቢል ፌስቲቫል ይጨመርበታል። በመጨረሻም ወደ ዲማፑር ወርዶ ወደ ቤት።

ይህን ጉብኝት አልቃወምም። «የመጨረሻዎቹ» የምትለዋ ቃል ናት የምታናድደኝ። ምክንያቱን ላስረዳ። (ዓመቶቹም ወሮቹም የፈረንጆቹ ናቸው።)

ናጋዎች በሕንድ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ በአሳም ሜዳና በምያንማር መሃል ባሉት ተራሮች የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ኮንያክ፣ አኦ፣ አንጋሚ፣ ሎታ፣ ሱሚ እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ የራሱ ቋንቋ አለው። እርስ በርስ ለመግባባት ናጋሚዝ የሚባል፣ ከአሳም ቋንቋ የወጣ የገበያ ቋንቋ ይጠቀማሉ። የቢሮው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ናጋላንድ በ1963 የሕንድ ግዛት ሆነች። በ2011 ቆጠራ ሕዝቧ ወደ ሁለት ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። ሌሎች ናጋዎች በማኒፑር፣ በአሩናቻልና በምያንማርም አሉ። እኛ ሕንድ ሲባል ፊልም ላይ ያየነው ሰው ነው የሚመጣብን። የናጋ ወጣት ግን ዴልሂ ለትምህርት ሲሄድ «ቻይናዊ ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል። በገዛ አገሩ።

ወደ ራስ ቆረጣው እንምጣ። ነገሩ እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ሞንና ሎንግዋ አካባቢ በሚኖሩት ኮንያኮች ዘንድ የጠላትን ራስ ቆርጦ ያመጣ ተዋጊ ፊቱን የመነቀስ መብት ያገኝ ነበር። ንቅሳቱን የምትሠራው አንግ የሚባለው የመንደሩ ባላባት ሚስት ናት። እንግሊዞች ከለከሉት። የመጨረሻዎቹ ድርጊቶች ግን በ1960ዎቹ እንደተፈጸሙ ይነገራል። እንግዲህ አስሉት። በዚያን ጊዜ ሃያ ዓመት የነበረው ሰው ዛሬ ሰማንያ ተጠግቷል ወይም አልፏል። ማስታወቂያው የሚሸጠው የእነዚህን አዛውንቶች ቀሪ ዕድሜ ነው። ሰው የእርጅና ዘመኑን «ሳያልቅ ግዙት» እየተባለ ሲቸረቸር ጤነኛ ንግድ አይመስለኝም።

ሎንግዋ ላይ ደግሞ የባሰ አለ። አዛውንቶቹ ኦፒየም ሲያጨሱ የሚያሳይ ፎቶ በጉዞ ገጾች ላይ ሞልቷል። ጭሱ፣ እሳቱ፣ የተነቀሰው ፊት። ለካሜራ ያምራል። ነገር ግን ይሄ ባህል ሳይሆን ሱስ ነው። ቤት ያፈረሰ ሱስ ነው። አዲስ አበባ ላይ አንድ ቱሪስት በመጠጥ የተጎዱ አባት ደጃፍ ቆሞ «እንዴት ደስ የሚል ወግ ነው» እያለ ቢያነሳቸው ምን እንደምንለው እናውቃለን።

ይህን ስል ከእኛ አገር የተሻለ ነገር አይቼ አይደለም። ወደ ኦሞ ሸለቆ የሄደ ሰው ያውቀዋል። መኪናው ይቆማል፣ ሙርሲዎቹ ይሰለፋሉ፣ ለእያንዳንዱ ፎቶ ብር ይቆጠራል፣ መኪናው ይነሳል። ፈረንጁ ብቻ አይደለም እንዲህ የሚያደርገው፤ ከአዲስ አበባ የሄደውም ስልኩን አውጥቶ ያው ነው። ናጋላንድም ከሚመጣው ጎብኚ አብዛኛው ከሌላ የሕንድ ክፍል የሄደ ሕንዳዊ ነው።

«ታዲያ ገንዘቡን ይፈልጉታል፣ አንተ ምን አገባህ?» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው፤ ይፈልጉታል። የሞን አካባቢ መንገዱ የሚያስለቅስ፣ ሥራ የጠፋበት ነው። ሽማግሌው ለፊታቸው ፎቶ ቢያስከፍሉ ደግ አደረጉ። የእኔ ክርክር መርሐ ግብሩን ከሚጽፈው ጋር ነው። አንድን ሕዝብ ከመቶ ዓመት በፊት አቁሞ፣ በኋላ የሆነበትን ሁሉ ሰርዞ ያቀርበዋል።

የሆነበት ደግሞ ብዙ ነው።

መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑ። በ1872 ኢ. ደብሊው. ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ ባፕቲስት ሚሲዮናዊ ወደ አኦዎቹ መንደር ወጣ። ዛሬ ከናጋላንድ ሕዝብ 88 በመቶ ገደማ ክርስቲያን ነው፤ አብዛኛው ባፕቲስት። የመጀመሪያዎቹ ሚሲዮናውያን አማኙን ብዙ ነገር አስተዉት። የሩዝ ጠላውን፣ ሀብታሙ ሰው ለመንደሩ የሚደግሰውን የክብር ድግስ፣ ወጣቶች አብረው የሚያድሩበትንና ወግ የሚማሩበትን ሞሩንግ የተባለ ቤት። በዘመኑ አማኝ ሆኖ ጠላ የጠጣ ከማኅበሩ ይወጣ ነበር። ቤተ ክርስቲያኗ ዛሬም ጉልበት አላት። ግዛቲቱ በ1989 ያወጣችው መጠጥን የሚከለክል ሕግ በእሷ ግፊት የመጣ ነው። ፌስቲቫሉ ሲደርስ ግን የሩዝ ጠላው በቀርከሃ ዋንጫ ለእንግዳ ይቀርባል። ለአያቱ መባረሪያ የነበረው ለልጅ ልጁ የእንጀራ ገመድ ሆነ። ይህን ግራ መጋባት ቢያስረዱኝ ከአሥር ጭፈራ ይልቅ እመርጠው ነበር። እሁድ ጠዋት ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ፣ ሰው ሁሉ ለብሶ፣ መዘምራኑ በአራት ድምፅ ሲዘምሩ መስማትም የናጋ ባህል ነው። «እውነተኛው ናጋ» ይሄ አይደለም የሚል ጎብኚ፣ እውነተኛ የሚለው ራሱ የሳለውን ነው።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አለ። በ1944 ጃፓኖች በምያንማር በኩል መጥተው ኮሂማን ከበቡ። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ውጊያ ነበር። በእንግሊዙ አስተዳዳሪ ግቢ ያለው የቴኒስ ሜዳ ራሱ ግንባር ሆኖ ነበር። ዛሬ እዚያው ላይ 1,420 መቃብር ያለበት የጦር መካነ መቃብር አለ፤ ጉብኝቱ ይሄን አይዘልም፣ ምስጋና ይግባው። ስንቅ የተሸከሙት፣ መንገድ የመሩት፣ ቁስለኛ ያወረዱት ናጋዎች ግን በወሬው መሃል በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋሉ።

ፖለቲካው ጭራሽ አይነሳም። ሕንድ ነፃ ከመውጣቷ አንድ ቀን ቀድሞ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1947፣ የናጋ ብሔራዊ ምክር ቤት የራሱን ነፃነት አወጀ። ከግንባር ቀደም መሪዎቹ አንዱ አንጋሚ ዛፑ ፊዞ ነበር። ተከትሎ የመጣው የአሥርት ዓመታት የትጥቅ ትግል ነው። በ1958 ለጦር ሠራዊቱ ልዩ ሥልጣን የሚሰጥ ሕግ ወጣ። ወታደሩ በጥርጣሬ ተኩሶ ቢገድል ያለ ማዕከላዊ መንግሥት ፈቃድ አይከሰስም።

ሕጉ የድሮ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። ታኅሣሥ 4 ቀን 2021 በሞን አውራጃ፣ ኦቲንግ በምትባል መንደር አቅራቢያ፣ ከድንጋይ ከሰል ሥራ በፒክአፕ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ሰዎች ላይ ልዩ ኃይል ተኮሰ። ስድስት ሞቱ። የመንደሩ ሰው ሲቆጣ ሌላ ተኩስ ተከተለ። እስከ ማግሥቱ የሞቱት ሲቪሎች 14 ደረሱ፤ አንድ ወታደርም ሞተ። የሆርንቢል ፌስቲቫል በዚያ ሳምንት እየተካሄደ ነበር። የግዛቱ መንግሥት የቀሩትን ቀናት ሰረዘ። ጎብኚዎቹ የሚያልፉበት አውራጃ ያው ሞን ነው። እኔ ባየኋቸው ማስታወቂያዎች ላይ ኦቲንግ የሚል ስም የለም።

ስለ ሆርንቢል ካነሳን አይቀር። በ2000 የተጀመረ ነው። ከታኅሣሥ 1 እስከ 10፣ ከኮሂማ 12 ኪሎ ሜትር ላይ ባለችው ኪሳማ ይካሄዳል። አዘጋጁ የግዛቱ መንግሥት ነው። እያንዳንዱ ጎሣ የራሱን ሞሩንግ ይሠራል፣ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፤ ማታ የሮክ ሙዚቃ አለ። የሚንቁት አሉ፤ እኔ አልንቀውም። ዘፈኑ የሚጠፋበት ልጅ ለመድረኩ ብሎ ከአያቱ ይማራል። የእኛ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 29፣ በአጋጣሚ ከዚሁ ሳምንት ውስጥ ነው የሚውለው። ስለዚህ ነገሩ አይጠፋንም። ሁሉም በልብሱ ተሰልፎ ይጨፍራል። ከጭፈራው ውጭ የሚናገረው ነገር ካለው ግን ማይኩ ለሌላ ሰው ነው።

አንድ የሚያስቀኝም የሚያናድደኝም ነገር አለ። ራስ ቆረጣን በሕግ የከለከሉት የእንግሊዝ ሹማምንት ራሳቸው የናጋ ራስ ቅል ሲሰበስቡ ነበር። ሃተንና ሚልስ የተባሉት አስተዳዳሪዎች ያከማቹት ብዙ ዕቃ ኦክስፎርድ በሚገኘው የፒት ሪቨርስ ሙዚየም ነው። ከዕቃው ጋር ከ200 በላይ የሰው አካል ቅሪት አለ። ሙዚየሙ በ2020 ከዕይታ አነሳው፤ ናጋዎችም ለማስመለስ እየተነጋገሩ ነው። ያም ሆኖ በጥቅምት 2024 አንድ የእንግሊዝ ጨረታ ቤት ቀንድ የተሰካበት የናጋ ራስ ቅል ለሽያጭ አቀረበ። የተገመተው ዋጋ እስከ 4,000 ፓውንድ። የናጋላንድ ዋና ሚኒስትር ነይፊዩ ሪዮ ሳይቀሩ ተቃውመው ከጨረታው ወጣ። የአፄ ቴዎድሮስ ፀጉር ከለንደን እስኪመለስ 2019 ድረስ የጠበቅን ሰዎች ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገንም። ታዲያ ራስ ሰብሳቢው ማን ነበር? የጉብኝቱ ተራኪ ይህችን ጥያቄ ቢያነሳ ሎንግዋ ላይ የሚንጠለጠለው ካሜራ ትንሽ ዝቅ ይል ነበር።

የተሻለ መንገድ የለም ማለት አይደለም፤ እዚያው ናጋላንድ ውስጥ አለ። ከኮሂማ ብዙም የማትርቀው ኮኖማ የአንጋሚዎች መንደር ናት። በ1879 ከእንግሊዝ ጋር ተዋግታ ለወራት የተከበበች፣ ፊዞም የተወለደባት ናት። በ1998 የመንደሩ ሰዎች አደንን ራሳቸው ከለከሉ። ምክንያቱ ትራጎፓን የሚባል ብርቅ የዱር ወፍ በጥይት እያለቀ ስለነበር ነው። አዳኝ ለነበረ ሕዝብ ይሄ ቀላል ውሳኔ አይደለም። እርሻቸውም እርከን በእርከን የተሠራ ነው፤ ኮንሶን ያየ ሰው አይደነግጥም። እዚህ እንግዳው የሚከፍለው ለመንደሩ ነው፣ የሚያስጎበኘው የመንደሩ ልጅ ነው፣ የሚያድረውም በሰው ቤት ነው። ምን እንደሚነገርና ምን እንደማይነገር የሚወስኑት ባለቤቶቹ ናቸው። ጦርነታቸውን ይነግሩሃል፣ ፊዞን ይነግሩሃል፣ ስለ ወፏም ይነግሩሃል። ማንም ልብስ ቀይሮ አይጠብቅህም።

ሎንግዋም እንዲህ መጎብኘት ትችላለች። አስጎብኚዎች እዚያ የሚወዷት ቀልድ አለች፦ የአንጉ ቤት ድንበሩ ላይ ስለተሠራ ሰውየው ሕንድ ውስጥ በልቶ ምያንማር ውስጥ ይተኛል። ሁሉም ይስቃል። ከቀልዱ ጀርባ ግን ከባድ ጉዳይ አለ። ድንበሩ ሲሰመር ማንም አላማከራቸውም። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በሁለቱም ወገን ያሉ ሰዎች ያለ ቪዛ 16 ኪሎ ሜትር ድረስ ይዘዋወሩ ነበር። በ2024 መጀመሪያ የሕንድ መንግሥት ይህን እንደሚያስቀርና ድንበሩን እንደሚያጥር አስታወቀ። ናጋዎቹ ተቃወሙ። እርሻቸው ወዲያ፣ ዘመዳቸው ወዲያ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ወዲህ ነው።

መሄድ የሚያስብ ካለ፣ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ የውጭ ዜጋ ልዩ ፈቃድ ማውጣት እንዳለበት ይወቅ። ድርጅቱን ደግሞ ከመክፈሉ በፊት አስጎብኚው የየት መንደር ሰው እንደሆነና ለመንደሩ ስንት እንደሚደርስ ይጠይቅ። ሎንግዋ ሲደርስም ስለ ንቅሳቱ ሳይሆን ስለ አጥሩ ቢጠይቅ የሚያወራው ሰው አያጣም።