እርማት፦ የአቆስጣዋ ግልገል ብቻዋን የቀረችው ሰው ስለነካት አይደለም

በረዶ ላይ ብቻዋን ስለተኛችው የአቆስጣ (በእንግሊዝኛ «ሲል» የሚባለው የባሕር አጥቢ እንስሳ) ግልገል የጻፋችሁትን አነበብኩ። ባጭሩ፣ ተመራማሪዎች ሊመዝኗት ስለነኳት የሰው ጠረን ያዘች፤ እናቷም በዚያ ምክንያት ጥላት ሄደች የሚል ነው። አሳቢነታችሁ መልካም ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

በካናዳ የቅዱስ ሎውረንስ ባሕረ ሰላጤ በረዶ ላይ የምትወልደው ሃርፕ አቆስጣ የምታጠባው ለ12 ቀናት ያህል ብቻ ነው። ወተቷ ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው ስብ ስለሆነ፣ 11 ኪሎ ገደማ ሆና የተወለደች ግልገል በቀን ከ2 ኪሎ በላይ ትጨምራለች። ከዚያ እናት ትሄዳለች፤ ሰው ኖረም አልኖረም። ግልገሏ ለሳምንታት ሳትበላ በስቧ ትቆይና በራሷ ጊዜ ወደ ውኃ ትገባለች። በማጥባት ላይ ያለች እናት ግን ሰው ሲቀርባት ወደ ውኃ ብትሸሽም አብዛኛውን ጊዜ ተመልሳ ልጇን በጠረኗ ትለያለች።

ከጽሑፋችሁ ጋር ያለውን የግልገሏን ፎቶ ራሳችሁ መርምሩት፦ አንገቷ እስኪጠፋ ወፍራ፣ ነጩ ጠጉሯ እየረገፈ ግራጫው ብቅ ካለ ጡት የጣለች ናት። «ወላጅ አልባ ናት» ብሎ የሚያነሳት ወይም ወደ ባሕር የሚገፋት ሰው፣ ለመቆያ ያጠራቀመችውን ስብ በከንቱ ያስጨርሳታል።