ይድረስ ከአልጋዬ ሥር ለተኛኸው ግማሽ ሽጉጥ

ለተከበርከው የአያቴ ቤሬታ ቀፎ፣

እንደምን ሰነበትክ? «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» እንዳልልህ፣ በመካከላችን ያለው ፍራሽ ብቻ ነው። የምጽፍልህ ባለፈው ማክሰኞ በአንተ ጦስ የደረሰብኝን አንተም ስለምታውቀው ነው። ፌስታል ውስጥ ነበርክ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት መሣሪያ ምዝገባ ቢሮ በር ላይ ሰልፍ ያዝኩ። ወረፋዬ 41። በጋዜጣ ጠቅልዬሃለሁ። በር ላይ ያለው ጥበቃ ፌስታሉን ዳሰስ አድርጎ «ምንድነው?» አለኝ። በትህትና «የአያቴ ሽጉጥ ቀፎ ነው፣ ላስመዘግብ…» ብዬ ሳልጨርስ፣ ሰውዬው ከአምስት ቃል አንዷን ብቻ መርጦ «ሽጉጥ!» ብሎ ጮኸ።

ሰልፉ እንዳለ መሬት ላይ ተኛ። አንዷ ጃንጥላዋን ከፍታ ከኋላው ተደበቀች። እኔ ሁለት እጄን ወደ ላይ። ፎርሜ በረረ፣ ጉርድ ፎቶዎቼ ወደቁ፣ አንዱ ረገጣቸው። ይሄ ሁሉ ሲሆን ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት የሰፈራችን እማማ አስፋልቱን ተሻግረው አዩኝ። «ውይ በሞትኩት! የኛው ልጅ እኮ ነው!» አራት ኪሎ ታክሲ ስጠብቅ ወሬው ቀድሞኝ ሰፈር ገብቷል። አሁን የሱቁ ልጅ ዱቤ ሲሰጠኝ እጁ ይንቀጠቀጣል። (ይህኛው፣ እውነት ለመናገር፣ ብዙም አልከፋኝም።)

ጥበቃው ጋዜጣውን ፈትቶ ሲያይህ ሳቀ። አፈሙዝ የለህም፣ የላይኛው አካልህ የለም፣ እጀታና ቃታ ብቻ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ሴትዮዋ በእስኪርቢቶ ጫፍ ገለበጠችህ።

«ይተኩሳል?»

«አይተኩስም።»

«እንግዲህ መሣሪያ አይደለም። ብረት አንመዘግብም።»

«ለቆራሌው ልሽጠው?»

«እንዴ! ያለ ፈቃድ መሣሪያ መሸጥ ወንጀል መሆኑን አታውቅም?»

ቀጠለች። መለያ ቁጥሩስ? ዝገት በልቶት የቀረው ሁለት አሃዝ ነው። የሠሪው ስምስ? የተጻፈው በላይኛው አካል ላይ ነው። የላይኛው አካል የት ነው? ሽንት ቤት። የት ያለ ሽንት ቤት? እንግዲህ ይሄን ለመንገር ከመጋቢት 1969 የደርግ የቤት ለቤት አሰሳ መጀመር ነበረብኝ። አባቴ ግማሽህን ጉድጓድ ውስጥ ጨምሮ፣ ለሌላው ግማሽ ሳይደርስ በሩ ተንኳኳ። ከኋላዬ ያለው ወረፋ 42 «ወንድም፣ ታሪኩን በኋላ!» አለኝ። ልክ ነው።

ኔትወርክ አልነበረም። ስለ ኔትወርክ ለራሱ ለብቻው እጽፍለታለሁ።

ኮፒ ደግሞ ፒያሳ የማውቀው ቤት በኮሪደር ልማት ፈርሷል፤ ለአንድ ገጽ እስከ ለገሃር ወረድኩ።

ቨርጂኒያ ላለው የአክስቴ ልጅ ደውዬ ብነግረው ሳቀብኝ። እዚያ አንተ ጌታ ነህ አሉ። እንደ ፈረንጆቹ በ1968 በወጣ ሕጋቸው ባዶ ቀፎ ራሱ መሣሪያ ነው። መለያ ቁጥሩም አንተ ላይ ነው የሚቀረጸው። ፈቃድ ካለው ነጋዴ አንድ ባዶ ቀፎ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት፣ 4473 የሚባል ፎርም መሙላት፣ የወንጀል ታሪክ መጣራት አለ። አፈሙዝህና የላይኛው አካልህ ግን በፌዴራሉ ሕግ መለዋወጫ ናቸው። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2017 ላይ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው፣ ቤት ውስጥ የሚገጣጠም የሽጉጥ ጥቅልም በዚሁ ሕግ ሥር እንዲገባ የሚያደርገውን ደንብ አጽንቷል። ቢያንስ ምን እንደሆንክ ያውቃሉ። እዚህ ፌስታል ውስጥ ስትሆን ሽጉጥ ነህ፣ መስኮት ላይ ብረት፣ ልሸጥህ ስል ተመልሰህ ሽጉጥ።

እኔ እኮ ልቀብርህ እችል ነበር። አባቴ ሲያርፍ ጓሮ ጉድጓድ መቆፈር አያቅተኝም ነበር። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ ይከለክላል ሲባል ሰምቼ በራሴ እግር መጣሁ። የሚደብቅ ሰው በ12 ሰዓት ሰልፍ አይቆምም። ጉርድ ፎቶ አይነሳም። የውርስ ወረቀት ለማውጣት ፍርድ ቤት ስድስት ጊዜ አይመላለስም። እጄን በሰው ፊት ያሰቀለኝ ሰው «ይቅርታ» አላለኝም። ማንም አላለኝም። ጣሊያን የማረኩት አያቴ አንድም ቀን እጃቸውን አልሰቀሉም፤ እኔ የእሳቸውን ግማሽ ሽጉጥ በሕግ ልያዝ ብዬ ሰቀልኩ።

ይሁን። በመጨረሻ ሴትዮዋ መፍትሔ ሰጠችኝ፤ «ሽጉጡ ሽጉጥ አለመሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከወረዳ አምጣ።» ትናንት ወረዳ ሄድኩ። እነሱም ደግ ናቸው፣ «ሳናይ አንጽፍም፣ ዕቃውን ይዘህ ና» አሉኝ። በር ላይ ጥበቃ አለ፣ አይቼዋለሁ፣ ከማክሰኞው ይወፍራል። ያ ፌስታል ደግሞ ተቀዷል። በምን እንደምይዝህ አንተው ንገረኝ።

አክባሪህ፣
ወረፋ ቁጥር 41