በጅማ ለአናሳ ቋንቋዎች ክፍልና አዳራሽ መንግሥት ይክፈል? ክርክር

የክርክሩ ሐሳብ፦ «በጅማ ከተማ የሚኖሩ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከአፋን ኦሮሞና ከአማርኛ የተለየ ማኅበረሰቦች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩባቸው ክፍሎችና የራሳቸው መሰብሰቢያ በመንግሥት በጀት ይከፈቱላቸው።» ደጋፊው የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጅ፣ ተቃዋሚዋ የትምህርት በጀት ባለሙያ ናቸው።

ደጋፊ

ይህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ለክርክር መቅረቡ ራሱ ያስተዛዝባል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት ዕውቅና እንዳላቸው ይናገራል። አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ መንግሥት ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ጥሎበታል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጥ ካለ 30 ዓመት አልፏል።

ጅማ ውስጥ ከሳጃና ከፎፋ የመጣ የም አለ፤ ጎጀብን ተሻግሮ የመጣ ዳውሮና ካፋ አለ። ሕርማታ ገበያ ይነግዳል፣ ቢሮ ይሠራል፣ ግብር ይከፍላል። ልጁ 1ኛ ክፍል ሲገባ ግን ማንበብ የሚጀምርበት ቋንቋ ቤት የሚሰማው አይደለም። ከዚያ የሚሆነውን የ1ኛ ክፍል መምህር ሁሉ ያውቀዋል፤ ልጁ ፊደሉን ይለያል፣ ቃሉን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ምን እንዳነበበ ሲጠየቅ ጣሪያ ያያል። በ3ኛ ክፍል የሂሳብ ጥያቄ በዐረፍተ ነገር ሲመጣበት «ሂሳብ አይገባውም» ይባላል። ያልገባው ሂሳቡ አይደለም።

የምንለው ከባድ ነገር አይደለም። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል በራሳቸው ቋንቋ ይማሩ። በየሰፈሩ ሳይሆን፣ በአንድ ቋንቋ 30 ልጅ ሲመዘገብ በአንድ መሃል ከተማ ባለ ትምህርት ቤት ይሰብሰቡ። መጽሐፍም ከባዶ አይጀመርም፤ የካፋው ካፊኖኖና ዳውሮኛ በየዞናቸው አንደኛ ደረጃ ይሰጥባቸዋል፣ መጽሐፉ ቦንጋና ተርጫ አለ። የየም ሕዝብ ቋንቋ የሆነው «የምሳ» ብቻ የበለጠ ሥራ ይጠይቃል። ከክፍሎቹ ጎን ደግሞ ሽማግሌው ተረቱን ይዞ የሚገባበት አንድ አዳራሽ ይኑር።

«ገንዘብ የለም» የሚለው መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አንድ መምህርና አንድ ጠመኔ ካለ ክፍል ይከፈታል፤ ሌላው ሰበብ ነው።

ተቃዋሚ

«አንድ መምህርና አንድ ጠመኔ።» ጋሼ፣ ይህን የጻፈው የደመወዝ ሰነድ አይቶ የማያውቅ ሰው ቢሆን አልፌው እሄድ ነበር።

እንቁጠር። መምህር የሚቀጠረው በጸደቀ መደብ ነው። መደብ ያለ በጀት አይጸድቅም፤ ሐምሌ 1 በሚጀምረው በጀት ውስጥ ያልገባ ደግሞ የሚቀጥለውን ሐምሌ ይጠብቃል። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ክፍል፣ አንድ መምህር። በአራተኛው ዓመት አራት ክፍል፣ አራት መምህር። ከአራቱ አንዷ ለወሊድ ብትወጣ ወይም አንዱ ወደ ቦንጋ ዝውውር ቢያገኝ፣ ካፊኖኖ የሚያስተምር ምትክ ከጎረቤት ትምህርት ቤት አይለመንም። ስለዚህ አምስተኛ ያስፈልጋል። ይህ ለአንድ ቋንቋ ነው፤ ለሦስት 15 መደብ።

ክፍሉስ? በፈረቃ በሚሠራ ትምህርት ቤት 50 ልጅ የሚይዝ ክፍል ለ30 ልጅ ሲሰጥ 20 መቀመጫ ባዶውን ይቀራል። በአራት ክፍል 80፣ በሦስት ቋንቋ 240። እነዚያ 240 ልጆች አየር ላይ አይቀመጡም፤ የጎረቤቱ ክፍል 50 የነበረው 70 ይሆናል።

«መጽሐፉ ቦንጋ አለ» ይላሉ። አለ፤ ለቦንጋ ልጆች፣ በቦንጋ ተማሪ ቁጥር ልክ ታትሞ። የሌላ ክልል ንብረት ክፍል በዕቃ ማውጫው ሞዴል 22 አውጥቶ ለጅማ አይልክልዎም። ማሳተም አለብዎት። 128 ገጽ ያለው ባለ አራት ቀለም መጽሐፍ በ16 ገጽ እየተከፈለ ሲታተም ስምንት ክፍል ነው፤ ለእያንዳንዱ ክፍል በፊትና በጀርባ 8 ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ)፣ በድምሩ 64 ፕሌት። እነዚያ 64 ፕሌቶች 20,000 ቅጂ ቢታተም ያው ናቸው፣ 100 ቅጂ ቢታተምም ያው ናቸው።

አንድ ነገር ልጠይቅና ላብቃ። በዳውሮኛ 4ኛ ክፍልን የጨረሰው ልጅ 5ኛ ክፍል የሚገባው የት ነው? ቋንቋን የሚጠብቀው ቤት ነው፣ በጀት አይደለም።

ደጋፊ

ልጄ፣ ስለ ማተሚያ ቤት ለእኔ ማስተማርሽን በጸጋ ተቀብያለሁ።

ለ150 ልጅ ባለ አራት ቀለም መጽሐፍ በፕሌት አሳትሙ ያለ ማን ነው? የፈተና ወረቀት የሚያባዛው ሪሶግራፍ በየትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጥግ ቆሞ የለም? 128 ገጽ በግማሽ ኤ4 መጠን ሲሆን ለአንድ መጽሐፍ 32 ቅጠል ነው። ለ150 ቅጂ 4,800 ቅጠል፤ አሥር ደስጣ አይሞላም። ማስተሩ፣ ሪሶው ጽሑፉን የሚቀርጽበት ስስ ወረቀት፣ 64 ነው፣ ግን ዋጋው ከፕሌት ጋር አይወዳደርም። የሚያበላሹት ነገሮችም የታወቁ ናቸው። ወረቀቱ ከ80 ግራም ከቀጠነ የጀርባው ጽሑፍ ወደ ፊት ይታያል። የሪሶ ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ ፊቱ ታትሞ ሳያድር ጀርባው ከታተመ ይደበዝዛል፣ የልጁም ጣት ይጠቁራል። 32 ቅጠል አጥፎ በአንድ ስቴፕል መስፋት አያዋጣም፤ መካከሉ ያብጣል፣ ውጪኛው ቅጠል በሁለት ወር ይረግፋል። ስለዚህ በሁለት ባለ 64 ገጽ ጥራዝ ይከፈላል፣ አንዱ ለመጀመሪያው መንፈቅ፣ አንዱ ለሁለተኛው። ሁለተኛው ጥራዝ እስኪታተም ደግሞ የመጀመሪያው ስሕተት ይታረማል። ይህን በፕሌት ማድረግ አይቻልም።

ወደ ዋናው ልመለስ። «ቋንቋን የሚጠብቀው ቤት ነው።» መልካም። አማርኛስ ለምን ቤት አልተተወም? በጅማ አማርኛ ተናጋሪው ልጁን በአማርኛ ሲያስተምር የክፍሉ ወጪ ከማን ኪስ ነው? በአዲስ አበባ በከተማው በጀት የሚተዳደሩ የአፋን ኦሮሞ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል፤ ትክክል ነው፣ ይገባል። የፌዴራል መንግሥቱም በየካቲት 2012 በጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አራት ቋንቋዎችን በአማርኛ ላይ ጨምሯል፤ ለዚያ የሚሆን ወጪ «ቤት ይጠብቀው» አልተባለም። ደርግ እንኳ በ1971 በጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋ መጽሐፍ አዘጋጅቷል፤ ካፊኖኖም አንዱ ነበር። ደርግ የቻለውን የ15 መደብ ስሌት ሊከለክለን?

ተቃዋሚ

«ልጄ» አይበሉኝ። በጽሑፍ እየተከራከርን ነው። እኔ ጋሼ የምልዎት ዕድሜዎን አክብሬ ነው፣ ስሌቴን ለማቅለል አይደለም።

ደግሞ ጠመኔዎ አደገ። በመጀመሪያው ጽሑፍ አንድ ጠመኔ ነበር። አሁን ሪሶግራፍ፣ 64 ማስተር፣ 80 ግራም ወረቀት፣ ቀለሙ የሚያድርበት ክፍልና ሁለት ጊዜ መጠረዝ ሆኗል። እነዚህን ሁሉ የሚሠራ ሰው ደሞዝ አይፈልግም? ሪሶግራፉ በጥር ለመንፈቅ ፈተና ሲጠየቅ መጽሐፉ ወረፋ ይጠብቃል ወይስ ፈተናው? ጠመኔ ብቻ ይበቃል ያሉት እርስዎ ነዎት፤ እኔ አይደለሁም የጨመርኩት።

መንግሥት በችኮላ የቋንቋ መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ምን እንደሚሆን ደቡብ አይቷል። ወላይታን፣ ጋሞን፣ ጎፋንና ዳውሮን በአንድ መጽሐፍ ለማስተማር «ወጋጎዳ» የሚባል ተፈጠረ። በ1992 ሶዶ ላይ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ ሰው ሞተ፣ መጽሐፉ ተሰበሰበ። ያ ሁሉ ኅትመት ከሕዝብ በጀት ነበር።

30 ልጅ የሚሉትንስ ከየት አመጡት? የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የ1999ኙ ነው፤ የጅማን ሕዝብ 120,960 አድርጎታል። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተደረገም። በዛሬዋ ጅማ የ7 ዓመት የዳውሮ ልጅ ስንት እንደሆነ የሚናገር ሰነድ የለም፤ በግምት መደብ አይጸድቅም። አለ ቢባል እንኳ በአንድ ትምህርት ቤት መሰብሰቡ ለእርስዎ ቀላል ነው። ከጅሬን የሚወርደውን የ1ኛ ክፍል ልጅ ጠዋት ባጃጅ የሚከፍልለት ማን ነው? ይህም ከጠመኔው ዋጋ ውስጥ ነው?

5ኛ ክፍልን ደግሞ አልመለሱልኝም።

ደጋፊ

ስለ ወጋጎዳ የጻፍሽውን ደግመሽ አንብቢው። ሕዝቡ የተነሣው ቋንቋው በመጽሐፍ ስለተጻፈ ሳይሆን የአራት ሕዝብ ቋንቋ ተጨፍልቆ ስለተጻፈ ነው። እኔ የጠየቅሁት የየራሳቸውን ነው። የእኔን ማስረጃ ለእኔ መልሰሽ ሰጥተሽኛል፣ አመሰግናለሁ።

ቁጥር ከተፈለገ ቆጠራ መጠበቅ አያስፈልግም። በነሐሴ መጨረሻ ልጅ ሲመዘገብ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ «ቤት ውስጥ ልጁ በየትኛው ቋንቋ ይናገራል?» የወላጅ ብሔር አይጠየቅ፣ ቋንቋው ብቻ። ሁለት ዓመት ከተሞላ በየትኛው ትምህርት ቤት ስንት እንዳለ ይታወቃል። የመስመሩ ወጪ ቀለም ነው።

ሙሉ ክፍል ለጊዜው የማይቻል ከሆነ ደግሞ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጥ። በሳምንት ሦስት ክፍለ ጊዜ፣ 40 40 ደቂቃ። የቀረውን ትምህርት ልጁ በመደበኛው ክፍል ይከታተል። አንድ መምህር በሁለት ትምህርት ቤት ተዘዋውሮ ሊሸፍነው ይችላል፤ 15 መደብሽ ወደ ሦስት ይወርዳል። የክፍል ጥበትም አይኖርም።

ዋናው ነገር ግን አዳራሹ ነው፤ እስካሁን አንድ ቃል ያልተነፈስሽበት። የምሳን ውሰጂ። በየምሳ ለንጉሥ የሚነገረው፣ ለታላቅ ሰው የሚነገረውና ለእኩያ የሚነገረው ቃል የተለያየ ነው፤ መብላቱ፣ መተኛቱ፣ አካላቱ ሳይቀር። የ1ኛ ክፍል መጽሐፍ የትኛውን ይጻፍ? የእኩያውን ብቻ ካስገባን የቀረው በአንድ ትውልድ ይጠፋል፤ ሁሉንም ካስገባን የ7 ዓመት ልጅ ይደናገራል። ይህን ቢሮ ውስጥ ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠ ሰው ሊፈታው አይችልም፤ የሚፈቱት የሚያውቁት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። እነሱን ደግሞ በስብሰባ አበል አትሰበስቢያቸውም። ቅዳሜ ከሰዓት የሚገቡበት፣ ቡና የሚፈላበት፣ ልጆች አጠገባቸው የሚቀመጡበት፣ አንድ ሰው ድምፅ የሚቀዳበት ቦታ ይፈልጋሉ። ከዚያ መጽሐፉ ይወለዳል። አዲስ ሕንፃ አላልኩም። ያለ የቀበሌ አዳራሽ፣ በሳምንት ሦስት ከሰዓት፣ አንድ የሚቆለፍ የመጽሐፍ ቁም ሳጥን። በቃ።

ተቃዋሚ

«አዲስ ሕንፃ አላልኩም።» የመጀመሪያውን ጽሑፍዎን ከፍ ብሎ ማየት ይቻላል፤ «የራሳቸው መሰብሰቢያ» የሚለውን ሐሳብ ደግፈው ነው የተነሡት። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ማስተማሪያ ቋንቋ ነበር፤ በሳምንት 120 ደቂቃ ሆነ። አዳራሹ ቁም ሳጥን ሆነ። 15 መደብ «ሰበብ» ተብሎ ነበር፤ አሁን ወደ ሦስት ይወርዳል እየተባለ ይሸጥልኛል። እኔ ሦስቱን ብቻ ተቃውሜ አላውቅም፤ ከጅምሩ ሦስት ቢሉ ኖሮ ይህን ያህል ወረቀት አንጨርስም ነበር።

ስለ አዳራሹ ግን ዝም ያልኩት የት እንደሚደርስ ስለማውቅ ነው። መንግሥት በጀት መድቦ የሚሠራው የባህል አዳራሽ ሁሉ የሚሞተው በአንድ መንገድ ነው። ምርቃቱ ላይ ሪባን ይቆረጣል። ለግንባታው በካፒታል በጀት ተከፍሏል፤ ለጥበቃ፣ ለጽዳትና ለመብራት ግን ሥራ ማስኬጃ አልተያዘም። በስድስተኛው ወር የመብራት ቆጣሪው ይቆረጣል። ኮሚቴው ወጪ ለመሸፈን ለሠርግ ያከራያል፤ በጥርና በግንቦት ቅዳሜዎቹ በሙሉ የሠርግ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ሲመጡ ድንኳንና ድስት ያገኛሉ። ቀጥሎ ኮሚቴው በኪራዩ ገንዘብ ይጣላል፣ ለሁለት ይከፈላል፣ አዳራሹ በሁለቱም ወገን ይቆለፋል።

የግድ ከሆነ ይህ ይደረግ። አዳራሹ በማኅበር ስም አይመዝገብ፤ ቁም ሳጥኑም መጻሕፍቱም በትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል በዕቃ መቀበያው ሞዴል 19 ገቢ ይሁኑ። ቆጣሪው በትምህርት ቤቱ ስም ይሁን። ለሠርግ መከራየት በጽሑፍ ይከልከል። ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ጋ ይቀመጥ።

ደጋፊ

ርዕሰ መምህሩ ጋ ከተቀመጠ ክረምቱን ሙሉ ዝግ ነው። ልጆቹ ጊዜ የሚኖራቸው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ሽማግሌዎቹም ዝናብ ሲጥል ነው ቁጭ የሚሉት። ሁለት ቁልፍ ይሠራ፤ አንዱ ንብረት ክፍል፣ ሁለተኛው ማኅበረሰቡ በመረጣቸው ሦስት ሰዎች እጅ። ቁም ሳጥኑ ለብቻው ይቆለፍ። የሠርጉን ክልከላ እቀበላለሁ፣ ለቅሶ ግን አይከለከልም፤ ዕድሩ ድንኳን ባነሰው ቀን ሰው ዝናብ ላይ አይቀመጥም።

ተቃዋሚ

ለቅሶው ይሁን። ሁለተኛውን ቁልፍ የሚይዘው ግን ደሞዝተኛ ይሁን። ሦስት የተመረጡ ሰዎች ማለት ዕቃ ሲጎድል የሚጠየቅ የለም ማለት ነው፤ ሞዴል 19 ላይ የሚፈርመው ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ነው።

ደጋፊ

ደሞዝተኛው ቅዳሜ አይገባም።

ተቃዋሚ

የትርፍ ሰዓቱን በጀት ይጻፉልኛ።