80 በመቶው ብቻውን ምን ይነግረናል?
ችግኝ ስለሚተክል አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት የወጣው ጽሑፍ «ከገቢው 80 በመቶው ለፕሮግራም ስለዋለ ድርጅቱ ውጤታማ ነው» ብሎ መደምደሙ አይዋጥልኝም። የእንዲህ ያሉ ድርጅቶች የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተደንግጓል፤ ሕግ ማክበር ደግሞ ውጤት ማምጣት አይደለም። በቀድሞው የ70/30 መመሪያ (ቢያንስ 70 በመቶው ለፕሮግራም፣ ቢበዛ 30 በመቶው ለአስተዳደር) ዘመን ደቡብ ወሎ ውስጥ በአንድ የችግኝ ተከላ ፕሮጀክት ሠርቻለሁ። የክትትል ጉዞ ነዳጅና አበል በአስተዳደር ወጪ ስለሚመዘገብ መጀመሪያ የተቆረጠው እሱ ነበር። ሪፖርቱ አማረ። በሁለተኛው ዓመት በጋ ቦታው ድረስ ስንወጣ ግን በየጉድጓዱ ያገኘነው ከነፕላስቲኩ የተቀበረ የደረቀ ሥርና የፍየል ኮቴ ነው፤ ያን ቀን እስካሁን አልረሳውም። ከላይ «ኦዲት ተደርጎ የለም ወይ?» ላሉት አስተያየት ሰጪ፦ ኦዲተር ደረሰኝ ያመሳክራል እንጂ የጸደቀ ችግኝ አይቆጥርም። በአንጻሩ ወላይታ ሁምቦን ይመልከቱ። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ያገገመው በአብዛኛው ከነባር ጉቶ ባቆጠቆጠ ዛፍ ነው፤ ጥበቃውን የያዙት የአካባቢው ገበሬዎች ማኅበራት ናቸው፤ ዛፎቹ ከአየር ለሚያስቀሩት ካርቦን የሚሰጠው ክፍያም የተመሠረተው በተለካ ውጤት ላይ ነበር። የጽሑፉ ጸሐፊ ድርጅቱ ከሦስት ዓመት በፊት ችግኝ የተከለበትን ቦታ ሄደው አይተውት ከሆነ ስንቱ እንደቆመ ይንገሩን።